ስኳሯን ለ60 ዓመት የደበቀችው የዋሽንግተን ልጅ፦ የኤልሳቤጥ ሂዩዝ ሕይወት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል በአገራችን። ዛሬ የማወጋችሁ ግን መድኃኒቱን ከብዙ ሺህ ሕመምተኞች ቀድማ አግኝታ፣ በሽታውን ግን እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ ድረስ ደብቃ ስለኖረች አንዲት ሴት ነው። ኤልሳቤጥ ኢቫንስ ሂዩዝ ትባላለች። ስሟን ያልሰማችሁ ብትኖሩ አይፈረድባችሁም፤ እንዳይሰማ ብዙ የደከመችው እሷው ራሷ ናትና።

ለምን እሷን መረጥክ ለሚለኝ አንባቢ መልሴ አጭር ነው። በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ጣቱን እየወጋ ደሙን የሚለካ ስንት ወገን እንዳለን ሁላችንም እናውቃለን። መለኪያዋን ከቦርሳው ሥር ደብቆ፣ መድኃኒቱን የቫይታሚን ክኒን አስመስሎ የሚውጥ ስንት እንዳለም እናውቃለን። ኤልሳቤጥ ደግሞ የዚሁ ከተማ ልጅ ነበረች። አባቷ በዋና ዳኝነት ዘመናቸው የኖሩበት ቤት በሰሜን ምዕራብ ዋሽንግተን በአር ጎዳና ላይ ዛሬም ቆሟል፤ ከአዳምስ ሞርጋን፣ የኛ ሰው ምግብ ቤቶች ከከፈተበት ሰፈር፣ በእግር የሚደረስ ነው።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1907 ሲሆን በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 13 ቀን 1899፣ የቡሄ ዕለት መሆኑ ነው። (ይህቺን ቀን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።) አባቷ ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ በዚያን ጊዜ የኒው ዮርክ ግዛት ገዥ ነበሩ። በ1910 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ወደ ዋሽንግተን መጡ፤ በ1916 ዳኝነቱን ለቀው ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩና በዉድሮው ዊልሰን ለጥቂት ተሸነፉ። ካሊፎርኒያን ያጡት ከአራት ሺህ በማይሞላ ድምፅ ነው፤ እሷን ቢያገኙ ኖሮ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ወደ ኒው ዮርክ ተመልሰው ጥብቅና ያዙ። ኤልሳቤጥ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበረች።

በ1919 ልጅቱ 11 ዓመት ሆኗት ሳለ ውሃ የማይጠግብ ጥም ያዛት። ትጠጣለች፣ ትሸናለች፣ መልሳ ትጠጣለች፤ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ምልክቱን ዛሬ ማንም እናት ያውቀዋል። (ያ ዓመት ደጃዝማች ናደው፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይና ከንቲባ ገብሩ ያሉበት የንግሥት ዘውዲቱ መልእክተኛ ቡድን ዋሽንግተን መጥቶ ፕሬዚዳንት ዊልሰንን ያነጋገረበት ዓመት ነው። ዘመኑን ለመገመት ይረዳችሁ ብዬ ነው።) ሐኪሞች ሽንቷን መርምረው የስኳር በሽታ መሆኑን ነገሯቸው። በዚያ ዘመን ይህን ለአንድ ሕፃን ወላጅ መናገር ማለት መርዶ መንገር ማለት ነበር። ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ልጅ ከወራት፣ ቢበዛ ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አይቆይም ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ። የኤልሳቤጥ በሽታ ዛሬ ዓይነት አንድ የሚባለው ነው። በኛ መሃል፣ ባሕር ማዶ ከመጣን በኋላ በአርባና በሃምሳ ዓመታችን የሚይዘን በአብዛኛው ዓይነት ሁለት ነው፤ ቆሽት ኢንሱሊን እያመነጨ ሰውነት አልሰማ የሚለው ማለት ነው። መንስኤያቸው ይለያያል። የዕለት ተዕለቱ ሥራ ግን ዘመዳሞች ናቸው፤ መለካት፣ መመጠን፣ መጠንቀቅ፣ ነገም እንደገና መለካት።

ወላጆቿ ልጅቱን ይዘው በዘመኑ ስመ ጥር ወደነበሩት ወደ ዶክተር ፍሬደሪክ አለን ሄዱ። የዶክተር አለን ሕክምና ረሃብ ነበር። ነገሩ ጭካኔ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን እንዲህ ነው፦ ሰውነት ስኳርን ማቃጠል ካልቻለ ስኳር የሚሆን ነገር አትስጠው። ሽንቱ ከስኳር እስኪጠራ ድረስ ፈጽሞ አታብላው፤ ከጠራ በኋላ ምግቡን በግራም እየመዘንክ ስጠው፤ ስኳር እንደገና ከታየ ወደ ረሃቡ መልሰው። ሕመምተኛው አይድንም፤ ዕድሜው ግን በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ይገፋል። ዶክተር አለን ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበር፤ በረሃብ ሊሞት የተቃረበ ልጅ በኮማ ከሞተ ልጅ ይሻላል፣ ምክንያቱም በሕይወት ያለ ሰው መድኃኒት ሊገኝለት ይችላል የሚል እምነት ነበራቸው። ብዙ ሕፃናት መድኃኒቱ ሳይደርስላቸው በዚያው ረሃብ አልቀዋል።

ኤልሳቤጥ ስትታመም 75 ፓውንድ ያህል ትመዝን ነበር። ምግቧ በቀን ወደ 800 ካሎሪ፣ በክፉ ጊዜ ወደ 400 እና ከዚያም በታች ወረደ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ባዶ። እኛ የጾም ሕዝብ ነን፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ መጨረሻው ፋሲካ መሆኑንም እናውቃለን። የዚህች ልጅ ጾም ከሦስት ዓመት በላይ ፈጅቷል፣ መፈሰኪያው ቀን መኖሩን የሚያውቅ ሰው ግን በምድር ላይ አልነበረም። ወጥ ቤት ሚዛን አለ፣ ብላንሽ በርጀስ የምትባል ነርስ አለች፣ እያንዳንዷ ቅጠል ተመዝና ትሰጣለች። ሌሎች ልጆች እየሰረቁ ይበሉ ነበር። በዶክተር አለን ሆስፒታል የወፍ ጥሬና የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ሰርቆ የሚበላ ሕፃን እንደነበረ ይነገራል። ኤልሳቤጥ ግን በዚህ ረገድ እንደ ወታደር ነበረች፤ ትእዛዝ አትሰብርም።

በዚህ መሃል ቤተሰቡ ሌላ ሐዘን ገጠመው። የኤልሳቤጥ ታላቅ እህት ሄለን በ1920 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። በ1921 አባትየው የፕሬዚዳንት ሃርዲንግ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ቤተሰቡ ወደ ዋሽንግተን ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሂዩዝ የዓለምን ኃያላን በዋሽንግተን ሰብስበው የጦር መርከቦቻቸውን እንዲያወድሙ ጠየቁ፤ ዓለም አጨበጨበላቸው። ጃፓንንና እንግሊዝን መርከብ ያስጣሉት እኒህ ሰው ለገዛ ልጃቸው አንድ ቁራሽ ዳቦ መፍቀድ አይችሉም ነበር። ልጅቱ ከዋሽንግተን ብርድ እንድትሸሽ ከነርሷ ጋር ወደ ቤርሙዳ ተላከች። ከዚያ ሆና ለእናቷ የምትጽፋቸው ደብዳቤዎች በመጻሕፍት፣ በወፎችና ባደገች ጊዜ በምትሠራው ነገር የተሞሉ ናቸው። ሞትን የምትጠብቅ ልጅ ደብዳቤ አይመስሉም።

በ1922 አጋማሽ ኤልሳቤጥ 45 ፓውንድ ደረሰች። ሃያ ኪሎ ማለት ነው፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ የሆነ የ14 ዓመት ልጅ።

ቶሮንቶ ውስጥ ግን ከአንድ ዓመት በፊት አንድ ነገር ተጀምሮ ነበር። በ1921 በጋ ፍሬደሪክ ባንቲንግ የተባሉ ወጣት ቀዶ ሐኪምና ቻርልስ ቤስት የተባለ ተማሪ፣ በፕሮፌሰር ማክሊውድ ቤተ ሙከራ፣ ከውሻ ቆሽት ስኳርን የሚያወርድ ንጥረ ነገር ማውጣት ቻሉ። ኋላ የኬሚስትሪ ባለሙያው ጄምስ ኮሊፕ ተጨምረው ነገሩን አጠሩት። በጃንዋሪ 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት የቶሮንቶ ልጅ የመጀመሪያው ተወጊ ሆነ። የመጀመሪያው መርፌ ብዙም አልሠራም፤ ከ12 ቀን በኋላ የተሰጠው በኮሊፕ የተጣራው ግን የልጁን ስኳር አወረደው። የፈጠራውን ባለቤትነት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት። (ዛሬ በዚህ አገር ስለ ኢንሱሊን ዋጋ ክርክር በተነሳ ቁጥር ይህቺ አንድ ዶላር ትነሳለች፤ ተገቢም ነው።)

ችግሩ መድኃኒቱ አለመበርከቱ ነበር። ለአንድ ሰው የሚበቃውን ለማውጣት ከቄራ የመጣ ቆሽት በገፍ ይፈልግ ነበር፣ አንዳንዱ ጊዜም ምርቱ ጭራሽ ይበላሻል። እናትየው በጁላይ ለባንቲንግ ሲጽፉ መልሱ አይቻልም ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን በኦገስት አጋማሽ ይዛችኋት ኑ ተባሉ። የአባቷ ሥልጣን በዚህ ውስጥ ቦታ አልነበረውም የሚል ቢኖር እኔ በግሌ አላምነውም። በዚያው ወር በየመንደሩ የሚሞቱ፣ አባታቸው ገበሬ ወይም ጫማ ሰፊ የሆነ፣ ስማቸውን ማንም ያልጻፈላቸው ሕፃናት ነበሩ። ይህን ስል ግን ሌላውን ጎን አልደብቅም፤ ከመጀመሪያዎቹ ተወጊዎች መሃል ቴዲ ራይደር የሚባል ትንሽ ልጅም ነበረ፣ የሚኒስትር ልጅ አይደለም፣ እስከ 1993 ኖሯል። እንግዲህ ያን ጊዜ አንዱ በስም፣ አንዱ በዕድል፣ አንዱ በዘመድ ደረሰ። እኛ ከአገራችን የመጣነውም በምን በምን እንደደረስን እናውቀዋለንና ብዙ አልፈርድም።

ኤልሳቤጥ ከእናቷና ከነርሷ ጋር ቶሮንቶ ስትደርስ ባንቲንግ ያዩት ነገር በማስታወሻቸው ሰፍሯል፤ ጸጉሯ ሳስቷል፣ ቆዳዋ ደርቆ ተቀርፍፏል፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ ጡንቻ የሚባል የላትም፣ መራመድ ይከብዳታል። እኛ ይህን ሥዕል ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ፊልሞች እናውቀዋለን። የመጀመሪያውን መርፌ ወዲያው ወሰደች፣ ከሽንቷ ውስጥ ስኳሩ ጠፋ። በቀናት ውስጥ 15 ዓመት ሞላት፣ ነሐሴ 13፣ ያቺ የቡሄ ዕለት። በአገራችን ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል በሚቀበሉበት ሰሞን ይህች ልጅ በቶሮንቶ ከሦስት ዓመት በላይ ያልቀመሰችውን ነጭ ዳቦ ተፈቀደላት። የአጋጣሚ ነገር ነው፣ ትርጉም አልሰጠውም፤ ሳልነግራችሁ ማለፍ ግን አልቻልኩም። ከዳቦው በኋላ ድንች፣ ማካሮኒ በአይብ፣ ክሬም መጣ። ምግቧ በሳምንታት ውስጥ ከ2 ሺህ ካሎሪ አለፈ። ለእናቷ የምትጽፈው ደብዳቤ ከዚያ ወዲያ ምግብ በምግብ ሆነ። (እናቷ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ዋሽንግተን ተመልሰው ነበር፤ ልጅቱ ከነርሷ ጋር አፓርታማ ተከራይታ ነው የቆየችው።)

መርፌው ቀላል አልነበረም። መድኃኒቱ ገና ያልጠራ ስለነበር የተወጋበት ቦታ ያብጣል፣ ይጠነክራል፣ ያማል። ኃይሉ ከምርት ምርት ስለሚለያይ ትናንት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ ሊበዛ ይችላል። ሲበዛ ስኳሩ ይወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ። ለዚህ ከረሜላ በኪሷ መያዝ ለመደች። አስቡት፣ ለሦስት ዓመት ከረሜላ እንደ መርዝ የተከለከለች ልጅ ከረሜላን እንደ መድኃኒት ስትይዝ! ብዙም ሳትቆይ መርፌውን ራሷን በራሷ መውጋት ጀመረች። ጋዜጦች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ልጅ ቶሮንቶ መሆኗን ሰምተው ወሬውን በየገጹ አወጡት፤ ልጅቱ እጅግ ተናደደች። የመደበቁ ነገር ሥሩ ከዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። በ15 ዓመቷ አገር ሁሉ እንደ ተአምር ያያት ልጅ ቀሪ ዘመኗን እንደ ሰው መታየት ብቻ ፈለገች።

በኖቬምበር 1922 መጨረሻ ለምስጋና በዓል ሰሞን ወደ ዋሽንግተን ተመለሰች። በአዲሱ ዓመት መግቢያ ክብደቷ ከ100 ፓውንድ አልፏል፤ በአምስት ወር ውስጥ ከእጥፍ በላይ። በ1923 ባንቲንግና ማክሊውድ የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ከዚህ በኋላ ያለው የኤልሳቤጥ ታሪክ ለጋዜጣ የሚሆን አይደለም፣ ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ምክንያቱም ተአምሩ አንድ ቀን ነው፤ ሥራው በየቀኑ ነው። ዛሬ እኛ በአምስት ሰከንድ ቁጥር የምታሳይ መለኪያ አለን፣ ክንድ ላይ ተለጥፎ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆጥርም መጥቷል። እሷ ግን ለብዙ አስርት ዓመታት ደሟን በቤቷ መለካት አትችልም ነበር። የቤኔዲክት ውሁድ የሚባል ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ ጥቂት ጠብታ ሽንት ጨምረህ ታፈላዋለህ። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ ጥቂት አለ፤ ብርቱካናማ ሲሆን አሳሳቢ፤ እንደ ሸክላ ከቀላ ክፉ ነው። ይህም የሚነግርህ ከሰዓታት በፊት የነበረውን ነው፣ የአሁኑን አይደለም። የወረደ ስኳርን ደግሞ ጭራሽ አያሳይም። መርፌው ብርጭቆ ነው፣ በየጊዜው ይቀቀላል፤ ሹሉ ሲዶለዱም በድንጋይ ይሳላል። ቀስ ብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን የመጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ባርናርድ ኮሌጅ ገብታ በ1929 ተመረቀች፣ አውሮፓን ዞረች፣ በ1930 ዊሊያም ጎሴት የሚባል ጠበቃ አገባች፣ ሦስት ልጆች ወለደች። ከኢንሱሊን በፊት የስኳር ሕመምተኛ ሴት ወልዳ ልጇን ማሳደግ ብርቅ ነበር። ባሏ ኋላ የፎርድ ኩባንያ ዋና የሕግ አማካሪ፣ ከዚያም የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። (ለኤልሳቤጥ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ከሕፃንነቷ ስለጀመርኩ ምላሴ እምቢ አለኝ።)

ባሏ በሽታዋን ያወቀው ለጋብቻ ሲተጫጩ ነው ይባላል። ከቅርብ ቤተሰብ ውጪ ማንም እንዲያውቅ አልፈለገችም። የአባቷን ወረቀቶች እየበረበረች ስለ በሽታዋ የሚያወሳውን እየለየች አወጣች። በስኳር በሽታ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የታወቀችው ልጅ ራሷን ከታሪክ ፋቀች።

ለምን? መልሱን የኛ ሰው ለመገመት አይቸገርም። በሽተኛ ከተባልክ ሥራ ይቀርብሃል፣ ትዳር ይቀርብሃል፣ ሰው በምሕረት ዓይን ያይሃል። እሷ ይህን ሁሉ አሸንፋ ደብቃ ኖረች፤ ስኬታማ ነበረችም። ነገር ግን ወገኖቼ፣ የኤልሳቤጥን መደበቅ ከኛ መደበቅ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ። እሷ ከሰው ደበቀች እንጂ ከራሷ አልደበቀችም። መርፌዋን አላቋረጠችም። ደግሞም የምትበላው በራሷ ሳህን ነው። በራሱ ሳህን የሚበላ ሰው የቀረበለትን ሳይጨርስ ቢተው ማንም አያየውም። እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ስንት እንጀራ በላሁ ብሎ መቁጠር አይቻልም፤ በዚያ ላይ ጉርሻ አለ፣ በሞቴ አለ፣ ካልበላህማ ተቀየምኩህ አለ። ስኳር እንዳለበት ያልተናገረ ሰው በአንድ የልደት ግብዣ ላይ ከአክስቱ፣ ከአማቱና ከጓደኛው ሦስት ጉርሻ ሲጎርስ አንድ ሙሉ እንጀራ ጨምሯል። እምቢ ለማለት ምክንያት መስጠት አለበት፤ ምክንያቱን ደግሞ ደብቆታል። በኛ ባህል መደበቅ ማለት እንግዲህ በየማዕዱ መሸነፍ ማለት ነው። ይህን ነው ኤልሳቤጥ ያልገጠማት።

ደግሞ የሥራችን ጠባይ አለ። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ የሚያድር፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው በሰዓት አይበላም። ቁርሱን ዘሎ ክኒኑን ወይም ኢንሱሊኑን ከወሰደ ስኳሩ መንገድ ላይ ይወርድበታል። ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ፣ ወይም ያንኑ ያህል ስኳር ያለው ነገር ወስዶ፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት ነው፤ መኪናውን አቁሞ፣ እየነዳ አይደለም። ጾም ላይም እንዲሁ ነው፤ ኢንሱሊን ወይም ቆሽትን የሚያነሳሳ ክኒን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመጾሙ በፊት ሐኪሙንም የነፍስ አባቱንም ማማከር አለበት፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም። ከጾሙ በላይ የሚያስቸግረው አንዳንዴ የፍስኩ ተተኪ ነው፤ ሥጋውን ትተን በፓስታና በዳቦ ስንሞላው ቁጥሩ ወደ ላይ ይሮጣል። ሽሮና ምስር ይሻሉ ነበር፣ የእንጀራው ስፋት ልክ ካለው።

የሚገርመው የኤልሳቤጥን ትግል ወደ ሳይንስ የለወጡት ተቋማት በደጃችን መሆናቸው ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት ቤተስዳ ያለው ብሔራዊ የጤና ተቋም ባስጠናው ጥናት፣ በ1,441 ዓይነት አንድ ሕመምተኞች ላይ፣ ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የዓይን ጉዳትን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ በ1993 ተረጋገጠ። ከዚያ በፊት መቆጣጠሩ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚል ክርክር በሐኪሞች መሃል ነበር፤ ኤልሳቤጥ ለ58 ዓመት የተቆጣጠረችው ማረጋገጫ ሳይኖር ነው። ይኸው ተቋም በ2002 ያወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በተለይ ለኛ ነው፦ ስኳሩ ወደ በሽታው ድንበር የተጠጋ ሰው ከክብደቱ 7 በመቶ ቢቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ ቢንቀሳቀስ የመያዝ አደጋው በ58 በመቶ ይቀንሳል። ሜትፎርሚን ብቻውን የቀነሰው 31 በመቶ ነው። በእግር መሄድ ከክኒን በልጧል ማለት ነው። ኢንሱሊኑንና መለኪያውን የሚመረምረው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኋይት ኦክ ነው። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበርም ወደ አርሊንግተን ከመዛወሩ በፊት ለዓመታት የነበረው በአሌክሳንድሪያ፣ በቦርጋርድ ጎዳና ነበር፤ ከኛ ሰው ከሞሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ቅርብ ለቅርብ። ስንቶቻችን በአጠገቡ አልፈን አንድ ቀን ገብተን አንድ ወረቀት ጠይቀናል?

አገር ቤት ያለው ነገር ሌላ ነው። በጎንደር ገጠር ከሲታ የሆኑ፣ ድህነትና ረሃብ ያሳደጋቸው ወጣቶች በስኳር በሽታ ይያዛሉ፤ ሐኪሞች ይህን ለረጅም ዘመን ሲያዩት ቆይተው፣ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር ዓይነት አምስት ብሎ የተቀበለው ገና በ2025 ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ኢንሱሊኑን ውሃ ባለበት የሸክላ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡታል። እኛ እዚህ ማቀዝቀዣችንን ከፍተን ከኬኩ አጠገብ የምናነሳውን ብልቃጥ ማለቴ ነው። ደግሞ ጥላሁን ገሠሠን አንርሳ፤ ያን ድምፅ የሰጠን ሰው በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ከማረፉ ዓመታት በፊት ይኸው በሽታ እግሩን አሳጥቶታል። ሕዝብ ሁሉ አወቀ፣ አዘነ። ከሐዘኑ ተነሥቶ ማታ ማታ የእግሩን መዳፍ በመስተዋት የሚያይ ስንቱ እንደሆነ እንጃ። ቁስል አይሰማም፣ ነርቩ ደንዝዟልና፤ ስለዚህ ማየት ነው።

ኤልሳቤጥ ግን እግሯንም ዓይኗንም ይዛ አረጀች። አባቷ ከ1930 እስከ 1941 የአሜሪካ ዋና ዳኛ ሆነው አገልግለው በ1948 አርፈዋል። እሷም በ1974 የተመሠረተው፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ታሪክ የሚጠብቅ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ማኅበሩ ዛሬም ዋሽንግተን ውስጥ ይሠራል። የፍርድ ቤቱን ታሪክ ለትውልድ ያስቀመጠችው ሴት የራሷን ታሪክ ማቃጠሏ የሚያሳዝነኝ ብሆንም አልፈርድባትም። በ1980 ማይክል ብሊስ የተባሉ ካናዳዊ የታሪክ ምሁር ስለ ኢንሱሊን ግኝት መጽሐፍ ሲያዘጋጁ፣ ከረጅም ጊዜ በፊት ሞታለች ብለው ያሰቧት ልጅ በሕይወት መኖሯን ደረሱበት። ጻፉላት፣ መለሰችላቸው።

በአፕሪል 1981 በ73 ዓመቷ አረፈች። በቀን ሁለት ጊዜ ብንቆጥር በ58 ዓመት ውስጥ ከ42 ሺህ በላይ መርፌ ራሷን ወግታለች። በልጅነቷ ከቤርሙዳና ከቶሮንቶ ለእናቷ የጻፈቻቸው፣ ከዚያ ሁሉ መደበቅና ማውደም የተረፉት ደብዳቤዎች፣ ዛሬ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ያነባቸዋል።